የሐሙስ ማታው የዘፍጥረት ትምህርት፦ ተመዝገቡ፣ ግን ቀድማችሁ ድረሱ

ኦሪት ዘፍጥረትን በደንብ ማንበብ ከፈለጋችሁና ሐሙስ ማታ ጊዜ ካላችሁ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ አዳራሽ የሚሰጠውን የማታ ትምህርት ተመዝገቡ። ይህን የምለው ኮርሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከታትዬ ነው። ጉድለት አለው። አንዳንዱ ጉድለት ቀላል አይደለም፤ እሱንም እጽፋለሁ። ግን በዚህ ከተማ መሃል፣ ሰው ከሥራ ደክሞት በሚወጣበት ሰዓት፣ ቃሉን እንዲህ ዝግ ብሎ የሚያስነብብ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቢሮዬም ፒያሳ ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ ልጀምር። ለሙሉው ኮርስ 1,500 ብር ነው፤ በቴሌብር ይከፈላል። ሻይና ዳቦው፣ የሚታደለው ወረቀትም በዚሁ ውስጥ ነው። ተማሪና ጡረተኛ ግማሽ ይከፍላል። መክፈል ያቃተው ሰው ከበር ሲመለስ አላየሁም። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች ደረጃው መሃል ላይ ቆመው ትንፋሽ ሲሰበስቡ አይቻለሁ፤ አዘጋጆቹ ምድር ቤት ክፍል ቢፈልጉ ጥሩ ነው። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው። ኋላ የተቀመጠ ሰው ድምፅ በደንብ አይሰማም፣ ማይክ ቢኖርም ይንጫጫል። ቀድማችሁ ድረሱ ያልኩት ለዚህ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ምሽቱ በሻይ ለሁለት ይከፈላል። ከሻይ በፊት የሚነበበው መጽሐፉ ብቻ ነው። አንድ ሰው ምዕራፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላ ሰው ይደግመዋል። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይባላል። ከዝምታው በኋላ መምህሩ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። ጥያቄው የሳቸው አይደለም፤ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ እግዚአብሔር የጠየቀው ነው። «ወዴት ነህ?» «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?» «ሣራ ለምን ሳቀች?» «ስምህ ማን ነው?» እያንዳንዱ ሐሙስ አንድ ጥያቄ አለው ማለት ይቻላል። ትርጓሜው የሚመጣው ከሻይ በኋላ ነው። አበው ምን አሉ፣ አንድምታው (የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ማብራሪያ) ምንድን ነው፣ ከወንጌል ጋር የት ይገናኛል የሚለው ያኔ ይነሣል።

የኮርሱ ዋና ዋጋ ይህ ቅደም ተከተል ነው። እነዚህን ታሪኮች ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል እናውቃቸዋለን፣ ከስብከት እናውቃቸዋለን፣ አያቶቻችን ነግረውናል። ስለምናውቃቸውም አናነባቸውም። ትርጓሜው ቀድሞ ሲመጣ ደግሞ ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይጠፉብናል። ይስሐቅ ወዲያው የክርስቶስ ምሳሌ ይሆንና እንጨት ተሸክሞ ከአባቱ ጋር ዳገት የሚወጣ ልጅ መሆኑ ይረሳል። እዚህ ግን መጀመሪያ የምታገኙት ልጁን ነው። ምሳሌው ቆይቶ ሲመጣ ያኔ ልብ ውስጥ ይገባል።

መምህሩ የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው፤ በኋላም በዘመናዊው መንገድ ነገረ መለኮት ተምረዋል። ትልልቆቹ ተማሪዎች «የኔታ» ይሏቸዋል፣ ወጣቱ «መምህር»። ግዕዙን በቃል ነው የሚሉት። ንግግራቸው ለስላሳ ነው። ሰው ሲሳሳት አያሳፍሩም። ተሳታፊው ድብልቅ ነው። አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው፤ ጴንጤ የሆኑ የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ የሚመጣም አለ። መምህሩ የዘፍጥረትን ታሪክ እንደገና የሚተርከውን መጽሐፈ ኩፋሌን ሲጠቅሱ «ይህ በኦርቶዶክስ ሰማንያ አንዱ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ እናንተ የማትቀበሉት ደግሞ እንደ ጥንት ምስክር ስሙት» ይላሉ። ማንም ቅር ሲለው አላየሁም።

ስለ ኩፋሌ ካነሣሁ አይቀር፣ በቃየል ምሽት አንድ ልጅ ሁላችንም ልጅ ሆነን የጠየቅነውን ጠየቀ፦ ቃየል ሚስት ከየት አገባ? መምህሩ ፈገግ አሉና መጽሐፈ ኩፋሌ እኅቱ አዋን እንደሆነች ይናገራል አሉ። ከዚያ ይህ መጽሐፍ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ መሆኑን፣ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች ግን ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ እንዳሳዩ ነገሩን። መጽሐፈ ሄኖክም እንዲሁ ሙሉው ያለው በግዕዝ ነው። እነዚህን ቅጂዎች እየገለበጡ ያቆዩልን በጧፍ ብርሃን ዓይናቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው። እነሱ ካቆዩት መጽሐፍ መማሬን ሳስብ ደስ አለኝ።

ያ ምሽት ግን የሚስቱ ምሽት አልነበረም። ከሻይ በፊት የተነሣው ጥያቄ «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» የሚለው ነው። መምህሩ አንድ ነገር አሳዩን። ጥያቄው ከግድያው በኋላ ይምጣ እንጂ እግዚአብሔር ቃየልን ያናገረው ከዚያ በፊት ነው። ፊቱ ሲጠቁር አይቶ ለምን ተናደድክ ብሎታል፤ ኃጢአት በደጅ እያደባች ነው ብሎ አስጠንቅቆታል። ቃየል ለዚያኛው ምንም አልመለሰም። ለሁለተኛው የመለሰው «የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን?» ብሎ ነው። ሁለት ወንድሞቼ በአባታችን ቤት የተነሣ መነጋገር ካቆሙ ቆይተዋል። ሁለቱም እኔ ጋ ይደውላሉ። አንዱ ስለ ሌላው ስጠይቀው የሚመልስልኝ «እኔ ምን አውቄ» ነው። ያን ማታ ቃየል የመለሰውን ስሰማ የሁለቱም ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ቃየል ከተፈረደበት በኋላ ማንም እንዳይገድለው ምልክት ተደረገለት። ከዚያ ከተማ ሠራ። መጽሐፉ ላይ የመጀመሪያዋ ከተማ እሷ ናት። በገና የሚመቱት አባትና ብረት የሚቀጠቅጠውም ከሱ ዘር ናቸው። በገና ስንሰማ ሁላችንም ዳዊትን ነው የምናስበው። መምህሩ እዚህ ላይ ብዙ አልቆዩም፣ እኔ ግን አሁንም አስበዋለሁ። ለገዳዩም ልጅ ሙያ አልተከለከለም።

የአዳም ምሽት ከሁሉም ሞቅ ያለው ነበር፤ ሁሉም መናገር ይፈልጋል። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ለምን «ወዴት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል የሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት አለቀ። አንዲት እናት «ልጄ ዕቃ ሰብሮ አልጋ ሥር ሲደበቅ እኔም እያየሁት የት ነህ እለዋለሁ፤ ራሱ እንዲወጣ ነው» አሉ። ከሻይ በኋላ መምህሩ የታወቀውን የአምስት ቀን ተኩል ኪዳን አመጡ። ለአዳም አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ተብሎ ቃል ተገባለት፤ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ሲቆጠር ያም 5500 ዘመን ነው፤ አባቶቻችን ዓመተ ዓለምን የሚቆጥሩት በዚህ ነው። ጌታ በቤተልሔም ሲወለድ ያ የገነት ጥያቄ ወደ መልሱ ደረሰ ማለት ነው አሉ። በስድስቱ ቀን የተፈጠሩትን ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረት ግን በችኮላ ነው ያለፉት። ከእሑድ እስከ ዓርብ ያለውን ቆጠራ ወረቀቱ ላይ አንብቡት ብለው ተዉት። ለጀማሪ ይህ ልክ አይመስለኝም።

ወረቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፊደሉ ደቃቃ ነው፣ ኮፒው የደበዘዘ ነው፣ የምዕራፍ ቁጥር የተሳሳተበት ቦታ አለ። ከሱ የባሰው ፕሮጀክተሩ ላይ የሚታየው ሥዕል ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤ ሔዋን ቀይ ፖም ይዛለች። መጽሐፉ ፍሬው ምን እንደሆነ አይናገርም። እኛ ደግሞ ዕፀ በለስ እያልን ነው ያደግነው። ከአዳራሹ በእግር በሚደረስበት ርቀት ስንት የሥላሴ፣ የኖኅ፣ የአብርሃም ሥዕል በግድግዳ ላይ አለ። አንድ ልጅ ስልክ ይዞ ፈቃድ ጠይቆ ቢያነሣ አንድ ቀን አይፈጅበትም። ይህን በአስተያየት መስጫው ወረቀት ላይም ጽፌዋለሁ፤ የሚያነብ ካለ አሁንም ይስማኝ።

በኖኅ ምሽት ጥያቄ አልነበረም። መምህሩ «ፈልጉ» አሉን። ፈለግን፤ የለም። በጥፋት ውኃው ታሪክ ውስጥ እግዚአብሔር ያዝዛል፣ ኖኅ ይሠራል። መርከቡ ርዝመቱ 300 ክንድ፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 30 ነው። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ቢሆን ርዝመቱ 150 ሜትር ያህል ይመጣል። ይህን ሁሉ ሲሠራ፣ ዝናቡ 40 ቀን ሲዘንብ፣ መርከቡ ውስጥ ከዓመት ያላነሰ ሲቀመጥ ኖኅ አንድ ቃል አይናገርም። የመጀመሪያው ንግግሩ ምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ከወይኑ ስካር ነቅቶ የተናገረው እርግማን ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስንት ዓመት የሰማሁትን ታሪክ አንድም ቀን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ከሻይ በኋላ መርከቧ የእመቤታችንና የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ መሆኗ በደንብ ተብራራ። እኔ ግን እዚያ ዝምታ ላይ ቀርቼ ነበር። አንድ ሰው ስለ ሌሎቹ ሰዎች ለምን አልለመነም? መልሱን ያገኘሁት ከአብርሃም ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

የሰናዖር (የባቢሎን) ግንብ በፍጥነት ታለፈ። በጥር ሥላሴ የግንቡ መፍረስ፣ በሐምሌ ሥላሴ ደግሞ ሥላሴ ወደ አብርሃም ቤት መግባታቸው እንደሚታሰብ መምህሩ አስታወሱን። ሁለቱንም በዓል ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እየሄድኩ ነው ያደግኩት። ሁለቱም ከኦሪት ዘፍጥረት መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ጎን ለጎን አስቀምጬ ግን አላየኋቸውም ነበር። በአንዱ ሰዎች ወደ ላይ ለመድረስ ይገነባሉ። በሌላው ሽማግሌው በቀትር ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል፤ እንግዶቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

አሁን ወደ አጋር ልምጣ። ለኔ የኮርሱ ትልቁ ምሽት ይህ ነው። አጋር ግብፃዊት አገልጋይ ናት። እመቤቷ አስጨነቀቻት፣ አርግዛ ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። መልአኩ በውኃ ምንጭ አጠገብ አገኛትና ጠየቃት፦ «ከወዴት መጣሽ? ወዴትስ ትሄጃለሽ?» ምዕራፉ ሁለቴ ተነበበ፣ ዝም ተባለ። መምህሩ «ሁለት ጥያቄ ነው የተጠየቀችው፤ ስንቱን መለሰች?» አሉ። ሁላችንም ተመልሰን አየን። የመለሰችው አንዱን ብቻ ነው። ከእመቤቴ እየሸሸሁ ነው አለች። ወዴት እንደምትሄድ አልተናገረችም።

ኋላ ረድፍ የምትቀመጥ፣ እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ሰምተን የማናውቅ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዐረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ነው የመጣችው። «የሚሸሽ ሰው ከየት እንደሚሸሽ ያውቃል» አለች። «ወዴት ስትባል ግን ምን ትላለህ? እኔ ከዚያ ቤት በሌሊት ስወጣ የጫማ ቀለም እንኳ አላየሁም። ሁለቱ ጫማ የተለያየ ነበር።» ማንም አልተናገረም። መምህሩ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። ከዚያ ልጅቷ ጨመረች፦ «ታዲያ መልአኩ ለምን ተመለሺ አላት?»

ብዙ መምህር እዚህ ላይ ቸኩሎ ይመልሳል። እሳቸው «እኔንም ይከብደኛል» አሉ። ከዚያ ያለውን ብቻ አሳዩን። ይህች አገልጋይ ሴት ለእግዚአብሔር ስም አወጣች፤ የሚያየኝ አምላክ አለችው። አብርሃም እንኳ ያን ጊዜ ይህን አላደረገም። በምዕራፍ 21 ደግሞ ነፃ ሆና ስትወጣና ውኃው ሲያልቅባት እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ ሰማ። «ተመለሺ የተባለችው ለዘላለም አይደለም» አሉ። ልጅቷ ሙሉ መልስ ያገኘች አይመስለኝም። ግን በሚቀጥለው ሐሙስ መጣች፤ የተቀመጠችውም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ይህ ምሽት ብቻውን 1,500 ብሩን ያወጣል።

ወደ አብርሃም። ምዕራፍ 18ን ስናነብ እኔ እንደ ሙያዬ ቁጥሩን ያዝኩ። ለሰዶም ሲለምን ከ50 ጻድቃን ይጀምራል። 45 ይላል፤ 40፣ 30፣ 20፣ ከዚያ 10። አፈርና አመድ ነኝ እያለ፣ ጌታዬ አይቆጣ እያለ፣ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ኖኅ ያልተናገረውን አብርሃም ተናገረ። ለሌሎች ሰዎች ተከራከረ። በሚቀጥለው ሐሙስ ምዕራፍ 22 ተነበበ። ልጅህን፣ የምትወደውን፣ ይስሐቅን ይዘህ ሂድ ተባለ። አብርሃም በነጋታው ማልዶ ተነሣና አህያውን ጫነ። አንድ ቃል አልተከራከረም። 50 የለም፣ 45 የለም። ለሌላው ሰው ያን ያህል የለመነ አፍ ለራሱ ልጅ ሲሆን ተዘጋ።

ሦስት ቀን ተጓዙ። መምህሩ እንድናስተውል ያደረጉን አንድ መስመር አለ፦ «ሁለቱም አብረው ሄዱ»። ሁለት ጊዜ ተጽፏል። በሁለቱ መካከል የልጁ ጥያቄ አለ፦ «እሳቱና እንጨቱ ይኸው፤ የመሥዋዕቱ በግ ግን ወዴት ነው?» በዚህ ምሽት ጠያቂው ልጁ ነው። አባትየው እግዚአብሔር በጉን ያዘጋጃል አለው። ልጁ ሌላ አልጠየቀም። እንደገና አብረው ሄዱ። ያነበበው ልጅ ድምፁ ተቆረጠ፤ ጎረምሳ ነው፣ ጎኑ የተቀመጠችው እናቱ ናት።

ከሻይ በኋላ ትርጓሜው መጣ። ይስሐቅ እንጨቱን እንደተሸከመ ጌታም መስቀሉን ተሸከመ። በጉ በዕፀ ሳቤቅ፣ በቁጥቋጦው፣ ታስሮ ተገኘ፤ በጉ የክርስቶስ፣ ዕፀ ሳቤቅ የእመቤታችን ምሳሌ ነው። ይህን በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ። ግን «በጉ ወዴት ነው?» የሚለውን ልጅ ድምፅ ከሰማሁ በኋላ አልነበረም የሰማሁት። መምህሩ ከዚያ በቀጥታ ወደ ዮርዳኖስ ወሰዱን። መጥምቁ ዮሐንስ ጣቱን ዘርግቶ «እነሆ የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ የእግዚአብሔር በግ» ሲል የይስሐቅን ጥያቄ መለሰ አሉ። እንዲህ ያለ ትርጓሜ ታሪኩን አይሸፍነውም። ኩፋሌ ይህን ፈተና ያስነሣው የክፉ መናፍስት አለቃ መስቴማ ነው እንደሚልም ነገሩን። ከሻይ በፊት ባለመንገራቸው ደስ ብሎኛል። ቢነግሩን ኖሮ ክፉውን ተጠያቂ አድርገን ከዚያ ዳገት ቶሎ እንወርድ ነበር።

ሣራ በምዕራፍ 22 ውስጥ የለችም። በሚቀጥለው ምዕራፍ በ127 ዓመቷ ሞተች። አብርሃምም መቃብር ሊገዛ ወደ ኬጢ ልጆች ሄደ። ይህን ክፍል ሦስት ሰዎች ተነሥተው እንደ ንግግር አነበቡት፤ አንዱ አብርሃም፣ አንዱ ኤፍሮን፣ አንዱ ተራኪ። ኤፍሮን መጀመሪያ ዋሻውንም እርሻውንም በነፃ ውሰድ አለ። ከዚያ ዝቅ አድርጎ፣ 400 ሰቅል ብር የሚያወጣ መሬት በኔና ባንተ መካከል ምንድን ነው አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «ያንተው ነው፣ ወንድሜ» እያለ ዋጋ የሚጠራ ነጋዴ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። አብርሃም አልተከራከረም፣ በአደባባይ መዝኖ ከፈለ። የከነዓን ምድር ሁሉ ቃል የተገባለት ሰው መጀመሪያ በስሙ ያዞረው ንብረት የሚስቱ መቃብር ነው።

እዚያ ላይ አንድ ጋሼ ተናገሩ። ፒያሳ ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው። ሰፈራቸው ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ሐሙስ ሐሙስ ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሚመጡት። «ቤቱ ሄደ፤ የእናቴ መቃብር ግን እዚሁ ነው» አሉ። «አሁን በዚህ አካባቢ የኔ የምለው እሱን ነው። አብርሃም ገባኝ።» መምህሩ ምንም ማብራሪያ አልጨመሩም። ሻይ ተቀዳ።

የያዕቆብ ምሽት ጥያቄ «ስምህ ማን ነው?» የሚለው ነው። አባቱ ማን ነህ ብሎ ሲጠይቀው ዔሳው ነኝ ያለ ሰው በያቦቅ ወንዝ ዳር ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ያዕቆብ ነኝ ማለት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ነው ወንድሙን መጋፈጥ የቻለው። ለዔሳው የላከውን ስጦታ ደመርኩት። ፍየሉ፣ በጉ፣ ግመሉ፣ ላሙ፣ አህያው፣ የግመሎቹን ግልገል ሳይጨምር 550 ነው። ዔሳው ግን ሮጦ መጥቶ አቅፎ ሳመው፤ ስለ ከብቱም ወንድሜ ሆይ፣ ለእኔ ብዙ አለኝ አለ። ሽማግሌ አልተላከም፣ ካሣ አልተቆረጠም። ምዕራፍ 33ን ለሁለቱ ወንድሞቼ በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ። ሁለቱም አንብበውታል፤ ምልክቱን አይቻለሁ። እስካሁን መልስ የለም።

አሁን ያልወደድኩትን ልጨርስ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ድንቅነሽ ጠየቀ። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ይባላል፣ ከአዳም ታሪክ ጋር እንዴት ነው የምናነበው አለ። በቅንነት ነው የጠየቀው። መምህሩ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ራሱን የቻለ ቀን እንሰጠዋለን» አሉ። ቀኑ አልመጣም። ብሔራዊ ሙዚየም ከአዳራሹ በእግር የሚደረስ ነው። ወጣቱ በየቀኑ በደጁ ያልፋል። ጥያቄ ላይ የቆመ ኮርስ ይህን ጥያቄ ማሳለፍ የለበትም። ልጁ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ መምጣት አቆመ። ምክንያቱ ይህ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ቅር ብሎኛል ግን።

ትልቁ ቅሬታዬ ዮሴፍ ነው። ከምዕራፍ 37 እስከ 50 ያለው ሁሉ በአንድ ማታ ተጠቀለለ። የመጨረሻው ሐሙስ ነበር፤ የምስክር ወረቀት መስጠትም ስለነበረ ከሻይ በኋላ ምንም አልተማርንም። ይህ ያናድዳል። ምክንያቱም ኮርሱ ያስለመደን ጥያቄ ከሁሉ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። በዮሴፍ ታሪክ ውስጥ እግዚአብሔር ዮሴፍን በቀጥታ አንድም ጊዜ አያናግረውም። ለአባቶቹ ተገልጧል፤ ለሱ ግን ሕልም ብቻ ነው ያለው። ጉድጓድ ሲጣል፣ ሲሸጥ፣ ሲታሰር «ወዴት ነህ?» የሚለው ድምፅ የለም። በ17 ዓመቱ የተጀመረው ነገር በ30 ዓመቱ ፈርዖን ፊት ሲቆም ብቻ ነው የሚቀየረው። ጠያቂው ራሱ ዮሴፍ ነው። ወንድሞቹን «አባቴ እስከ አሁን በሕይወት ነውን?» ይላቸዋል። አባታቸው ከሞተ በኋላ ፈርተው ሲወድቁለት «እኔ በእግዚአብሔር ፋንታ ነኝን?» ይላል። በመካከል ስንት ጊዜ ያለቅሳል! ይህን ሁሉ እኔ ቤቴ ብቻዬን ነው ያነበብኩት። ብቻዬን ማንበብ የቻልኩት ኮርሱ ስላስተማረኝ ነው፤ ያንን አልክድም። ግን ከነዚያ ሰዎች ጋር ባነበው እወድ ነበር። ያቺ ልጅ ስለ ዮሴፍ እስር ቤት ምን ትል ነበር?

ፈጣን መልስ ለሚፈልግ ሰው ኮርሱ አይሆንም። ማስታወሻ ይዞ መውጣት ብቻ የሚፈልግም ይሰለቻል። መጽሐፍ ቅዱሱን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ የሚል ሰው ግን ይምጣ፤ ይጠቀማል። በስልክ ከማንበብ የታተመውን ይዛችሁ ኑ፣ ፊደሉ ተለቅ ያለውን፤ የአዳራሹ መብራት ደካማ ነው። የሚቀጥለው ዙር ኦሪት ዘጸአት ነው ተብሏል፣ ዘፍጥረትም ለአዲስ ተማሪዎች እንደገና ይሰጣል። አዘጋጆቹ ለዮሴፍ ቢያንስ ሁለት ሐሙስ ይስጡት፣ የምስክር ወረቀቱን ሌላ ቀን ያድርጉት። እኔ ለዘጸአት ከፍያለሁ፤ ዮሴፍ በሁለት ምሽት የሚሰጥ ከሆነ ለዘፍጥረትም ድጋሚ እከፍላለሁ።